ከበቡሽ የቆጠረቻቸው ቀናት

ጂንካ ጤና ረዳት ሆኜ ስሠራ፣ በ1976 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ጎረቤቴ ከበቡሽ ክሊኒክ መጥታ አግዳሚው ላይ ዘፍ አለች። «ተናኜ፣ ደከመኝ» አለችኝ። ካገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ልጅ የላትም። ያልጠጣችው ጠበል፣ ያልተሳለችበት ታቦት አልነበረም። አሁን ደግሞ አማቷ እማማ ወለተ ማርያም «እስከ ፋሲካ ካላረገዘች ልጄን ሌላ ሴት አጋባዋለሁ» ብለው ቆርጠዋል።

ባሏ ተሰማ እስከ ኦሞራቴ ድረስ ጨውና አቡጀዲ የሚያወርድ ነጋዴ ነው። «መቼ መቼ ነው ቤት የሚመጣው?» አልኳት።

«ደሜ በደረቀ ማግስት። ማህፀን የሚከፈተው ያኔ ነው ብለው ቀኑን የቆረጡለት እማማ ናቸው። ሁለት ቀን አድሮ ይሄዳል።»

ወይ ጉድ! ራሴን ያዝኩ። የከበቡሽ የወር አበባ ከሃያ ስምንት ቀኑ ዝንፍ አይልም። እንቁላል የሚወጣው ደግሞ የሚቀጥለው ደም ሊመጣ ሁለት ሳምንት ግድም ሲቀረው ነው፤ ከወጣም ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም፤ የወንድ ዘር ግን ጥቂት ቀን ይጠብቃል። ደም ካየችበት ቀን አንድ ብላ ብትቆጥር፣ ከአሥረኛው እስከ አሥራ አምስተኛው ቀን ባሏ አጠገቧ መሆን ነበረበት። ሰውየው ያን ጊዜ ኦሞራቴ ጨው ይሰፍራል! ይህን ስነግራት አላለቀሰችም። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሰዓቱ ስሸኘው ኖሬያለኋ» አለች። አንጀቴን በላችው።

ደሟ ከመጣበት ቀን አንስታ በየቀኑ አንድ የበቆሎ ፍሬ ጣሳ ውስጥ መጣል ጀመረች፤ ተሰማም ከአሥረኛው ፍሬ በኋላ እንዲመጣ ላከችበት። በመጀመሪያው ወር ተሰማ የተሳፈረበት መኪና ካኮ ላይ ተበላሸ። በሁለተኛው መንገድ ላይ ወንዝ ያለ ወቅቱ ሞልቶ ቀኑ አለፈ። በሦስተኛው፣ አሥራ ሁለተኛው ፍሬ በገባ ዕለት፣ ከች አለ። ምን ዋጋ አለው፣ ዐቢይ ጾም ነው፤ በጾም ባልና ሚስት መኝታ ይለያሉ። ኋላ እንደነገረችኝ፣ ተሰማ መደቡ ላይ ሊያነጥፍ ሲል «እኔ አሥራ አንድ ዓመት ጾሜያለሁ፤ ይበቃኛል» አለችው። ጋቢውን እንደያዘ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ወደ አልጋው መጣ።

ብርነሽ በታኅሣሥ ተወለደች። እማማ እልል አሉ። ሰፈሩ ግን ወዲያው ዘጠኝ ወር ወደ ኋላ ቆጥሮ «በጾም!» አለ። ለዚህ ጊዜ ሁሉም ቆጠራ ያውቃል! የንስሐ አባቷም መቶ ስግደት አዘዟት።

ልጇን ክርስትና ካስነሣች በኋላ እኔን አስታቀፈችኝና ልትሰግድ ተነሣች። ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«ስግደቱን አንቺ ቁጠሪልኝ ተናኜ» አለችኝ። «እኔ መቁጠር ታክቶኛል።»