የእቴቴ ድምፅ የለሽ ኮምፒውተር

እህቴን ደንቆሮ ያለቻት አንዲት ደንበኛ ነበረችኝ። ጸጉሯን ግማሹን ተኩሼ፣ ግማሹን ሳልተኩስ ከወንበሬ አስነሳኋት። እስከ ዛሬ በጸጉር ቤቴ ደጃፍ አታልፍም፤ ብታልፍም ሰላም አልላትም። ጨካኝ በሉኝ። በእህቴ ነገር ቀልድ አላውቅም።

እቴቴ እንላታለን፤ ልጇም አማቿም ሰፈሩም እንደዚያው ነው የሚጠራት። ወጣትነቷን የጨረሰችው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በሽመና ክፍል ነው። የሽመና ክፍል ገብቶ ለማያውቅ ሰው ድምፁን ልንገርህ ብለው ከንቱ ልፋት ነው። ማሽኖቹ በመደዳ ቆመው ሁሉም ባንዴ ይደበድባሉ፤ ወለሉ ራሱ ከእግር ሥር ይንቀጠቀጣል። ሠራተኞቹ የሚነጋገሩት በከንፈርና በእጅ ነበር። ምሳ ሳደርስላት እኔ በሩ ላይ ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፍኜ እቆማለሁ፤ እሷ በማሽኖቹ መሃል እየተመላለሰች የተበጠሰ ክር ትቀጥላለች። የጆሮ መከላከያ ይሰጠን ብለው አለቃቸውን ቢጠይቁት፣ ፋብሪካው ጥጥ በጥጥ ሆኖ ሳለ ከዚህ በላይ ምን ላምጣላችሁ ብሎ አሾፈባቸው። እነሱም ያንኑ ጥጥ እየወተፉ ሠሩ።

ጡረታ ስትወጣ እኔው ጎትቼ የጆሮ ሐኪም ጋ ወሰድኳት፤ ሦስት ጊዜ ካልጠራኋት አትዞርማ። ሐኪሙ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ማዳመጫ አደረገላት፤ ድምፅ ሲሰሙ ይቺን ቁልፍ ይጫኑ አላት። በመስታወቱ አያታለሁ፤ ቁልፉን ይዛ ትጠብቃለች፣ ትጠብቃለች፣ አትጫንም። ሲጨርስ፣ ወፍራም ወፍራሙ ድምፅ አለ፣ ቀጫጭኑ ሄዷል፣ የሄደው አይመለስም፣ ያለውም እያደር ይቀንሳል አለን። ከዚያ ሊያጽናናት ፈልጎ መሰለኝ፣ ለኑሮ የሚያስፈልግዎትን ያህል ይሰማሉ ብሎ ጨመረ። እቴቴ አመስግናው ወጣች። ደረጃውን እየወረድን ቆም አለችና «ስንት እንደሚያስፈልገኝ ማን ነገረው?» አለችኝ። ክንዷን ይዤ ታክሲ ፍለጋ ሄድን።

እቴቴ ሙዚቃ ትወዳለች ብል ማሳነስ ይሆንብኛል። ሌላው ሴት ወርቅ ሲያጠራቅም እሷ ሲዲ ነው ያጠራቀመችው። ከፈረቃ ስትወጣ ጆሮዋ እየጮኸ እንኳ አንድ ዘፈን ሳትሰማ አትተኛም ነበር። ጡረታ ስወጣ ቁጭ ብዬ በደንብ እሰማለሁ እያለች ኖረች። ጡረታው መጣ፣ ጆሮው ሄደ። አንጀቴን በላችኝ፤ እሷ ግን የሚታዘንላት ሰው አትመስልም ነበር።

አንድ ቀን ጸጉር ቤቴ ቁጭ ብላ ሳለ ድንገት ቀና አለችና ከግድግዳው ወዲያ የሚያጫውተው ማነው አለችኝ። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ኮምፒውተር ጠጋኙ ነው። አፉን ከፍቶ መናገር እንደ ግብር የሚከብደው ልጅ ስለሆነ ጭጬ እንለዋለን። ተነስታ ሄደች፤ ተከተልኳት። በጭጬ ጠረጴዛ ላይ ስክሪን የሌላት፣ የፊደል ገበታ የሌላት፣ የመጽሐፍ ያህል የምትሆን ጥቁር ሣጥን ተቀምጣለች። ዘፈኑ የሚወጣው ከሷ ነው። ምንድን ናት ስትለው፣ ኮምፒውተር ናት፣ አንድ ሥራ ብቻ ነው የምትሠራው አላት። ለጭጬ ይሄ ረጅም ንግግር ነው።

ቀስ በቀስ ግን አስረዳት። ሊኑክስ የሚባል ስርዓት አለ፤ ማንም አይሸጠውም፣ ማንም እንደ ልቡ ይቀንሰዋል ይጨምርበታል። ጨዋታውን፣ ማስታወቂያውን፣ ስዕሉን፣ የሚደወለውን የሚጮኸውን ሁሉ ነቅለህ ሙዚቃ ማጫወቻውን ብቻ ትተዋለህ። ኮምፒውተሩ ሌላ ሐሳብ ስለሌለው ሙሉ ልቡን ዘፈኑ ላይ ያደርጋል። እቴቴ ይሄን ስትሰማ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እኔ ከሰል ላይ ትቼው የመጣሁት መተኮሻ ትዝ ብሎኝ ሮጥኩ።

ወሬው ቤት ሲደርስ ሳቅ ሆነ። ልጇ፣ እማዬ ስልክሽ ላይ አይሰማም ወይ አለቻት። የልጇ ባል ባንክ ቤት ነው የሚሠራው፤ እኔ ባንኩ ነው የምለው። መጥፎ ልጅ አይደለም፤ ሁሉን አውቃለሁ ማለቱ ነው እንጂ። እሱ ደግሞ ፈገግ ብሎ፣ እቴቴ፣ ጥራት እኮ ለሚሰማ ጆሮ ነው አላት። ደሜ ፈላ። አፌን ልከፍት ስል ቀደመችኝ።

«እናንተ ሁሉን ትሰማላችሁ፤ ግርዱንም ፍሬውንም ቀላቅላችሁ ብትበሉ ይተርፋችኋል» አለች። «እኔ የቀረችኝ ትንሽ ናት። እሷን በግርድ አልሞላትም።»

ዕቃውን አንድ በአንድ ሰበሰበች። ኮምፒውተሯ ከአንድ መሥሪያ ቤት ያገለገለች ናት። እሷና ጭጬ መጀመሪያ የነቀሉት ማራገቢያውን ነው፤ ምክንያቱም የሚሾር ነገር ድምፅ እቴቴ ጆሮ ውስጥ ገብቶ የፋብሪካውን ማሽን ይቀሰቅስባታል። «የማልፈልገውን እሰማለሁ፣ የምፈልገውን አልሰማም፤ ጆሮዬም እንደ ሰው ነገረኛ ሆኗል» እያለች ትስቃለች። በማራገቢያው ምትክ ጭጬ ሙቀት የሚያወጣ ወፍራም ብረት አሰረላት። የሚሽከረከረውን ዲስክ አውጥተው የማይሽከረከር አደረጉላት። የኮምፒውተሩን ቁጥር ወደ ድምፅ የምትለውጥ የሳሙና መያዣ የምታህል ሣጥን መጣች፤ ሁለት ሰው የሚያነሳው አሮጌ አምፕሊፋየር መጣ፤ ስፒከሮቹ መጡ። ልብሷ ከቁም ሣጥን ወጥቶ እኔ ቤት ተጋዘ፣ ለስፒከሮቹ ቦታ ይለቀቅ ተብሎ።

ሊኑክሱን ራሷ ነው የጫነችው፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ውሸቴን አይደለም። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል ይወርዳል፤ ጭጬ ወረቀት ላይ ይጽፍላታል፣ እሷ በአንድ ጣቷ እየለቀመች ትመታለች። አንዲት ነጥብ ከዘለልክ እምቢ ይላል። እኔ ብሆን በመስኮት ወርውሬው ነበር። እሷ ግን በሺህ ክር መሃል የተበጠሰውን ስትፈልግ የኖረች ሰው ናት፤ ከላይ ጀምራ በጣቷ እየተከተለች ስህተቷን ታገኘዋለች። ከዚያ ሲዲዎቿን አንድ በአንድ አስገባች። ጭጬ ሁለት መንገድ አለ አላት፤ ተጨምቆ ትንሽ ቦታ የሚይዝና ሙሉውን እንዳለ የሚቀዳ። እንዳለ አለችው። ሁሉም ሲያልቅ ስክሪኑንም የፊደል ገበታውንም ነቅላ መለሰችለት፤ ዘፈን የምትመርጠው ባሮጌ ስልኳ ሆነ።

የመጀመሪያው ቀን እኔን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀውን ዘፈን ለቀቀችልኝ። አልዋሽም፣ ዘፋኙ ክፍሉ ውስጥ የገባ መሰለኝ። የመጨረሻው ስንኝ ከመጀመሩ በፊት ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁት። በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም።

«ትንፋሽ ወሰደ?» አለችኝ።

አዎ አልኳት። ደስ ብሏት ጉልበቷን መታ መታ አደረገች። ባለሙያ ሆና የምትፈትነኝ መሰለኝ።

እንዲህ ደስ ብሏት ከርማ፣ የድሮ የፋብሪካ ጓደኛዋ ታማ ልታስታምማት ሄደች። ያን ጊዜ ነው ጉዱ የመጣው። ባንኩ ውለታ ልዋልላት ብሎ ኮምፒውተሯን ከስክሪን ጋር አገናኘ። ጥቁር ሆኖ ነጭ ፊደል ብቻ ሲያይ፣ ውይ፣ ተበላሽቷል አለ። ሠራላት! ሊኑክሱን ደምስሶ እሱ መሥሪያ ቤት ያለውን ዓይነት ስርዓት ጫነበት። ዘፈኖቹ ቦታውን ሞልተውት ሲያገኝ ደግሞ ሁሉንም ጨመቃቸው፤ ትልልቆቹን አጥፍቶ ትንንሾቹን አስቀረ። በተረፈው ቦታ ላይ የቤተሰቡን ፎቶ አስገባ። የሷን ፎቶ ስክሪኑ ላይ ለጠፈላት፣ ደስ ይበላት ብሎ።

እቴቴ መጥታ ስትከፍተው ጢንግ አለ። ልጇ ደውላ፣ አክስቴ ቶሎ ነይ፣ እማዬ አትናገርም አለችኝ። ማበጠሪያዬን እንደያዝኩ ደረስኩ። እቴቴ ቆማ የራሷን ፎቶ ታያለች። ባንኩ ያስረዳታል፤ ግንባሩን አልቦታል። አንድም ዘፈን አልጠፋም፣ መጠኑን ብቻ ነው ያሳነስኩት፣ የሚቀነሰው ጆሮ የማይሰማው ብቻ ነው ይላታል።

«የማን ጆሮ?» አለች።

እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ግን ትክክል መሆኑን ካላስመሰከረ እንቅልፍ አይወስደው። አንዱን ሲዲ አምጥቶ፣ እቴቴ፣ ፊትዎን ያዙሩ፣ አንዴ ሙሉውን አንዴ የተጨመቀውን አጫውታለሁ፣ ከለዩት ሁሉንም እመልሳለሁ አላት። ካልለዩት ግን እንዲሁ ይቆይ አለ። እምቢ በይ አልኳት። ጆሮ ዳባ ልበስ ብላኝ ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዞረችና ተቀመጠች።

የመረጠው ያንኑ የልጅነታችንን ዘፈን ነበር። አንዴ ለቀቀ፣ አንዴ ለቀቀ። እኔ ለየሁት። አጥብቆ ጨምቆት ስለነበር የድራሙ ሳህን ሲመታ እንደ ትኩስ ዘይት ይንጣጣል፣ ትንፋሹም የለም። ሁለተኛው ነው ልላት ጉሮሮዬን ጠረግ አደረግኩ። ዞር ሳትል እጇን አነሳችብኝ፤ ዝም በይ ማለቷ ነው። ደጋግሞ ለቀቀላት። አንዱን ለየች፣ ሌላውን ሳተች፣ ደግሞ ሳተች። ባንኩ ራሱ ማሸነፉ አሳፈረው።

«አልለየሁትም» አለች ወደ እኛ እየዞረች። «ተሸነፍኩ። አሁን መልስልኝ።»

«እቴቴ፣ ካልለዩት እኮ…»

«የኔ ነዋ! ፋብሪካው ጆሮዬን ሲወስድ አልጠየቀኝም። በየቀኑ ቅንስ ቅንስ እያደረገ ወሰደው፤ መጉደሉን ያወቅኩት ካለቀ በኋላ ነው። ሐኪሙም የቀረው ይበቃሻል አለኝ። አንተ ደግሞ የማትሰሚውን ነው የቀነስኩት ትለኛለህ። እንዲህ እየተባልኩ ነው ያለቅኩት፣ ልጄ። ከእንግዲህ ቤቴ ውስጥ በማልሰማው በኩል ገብቶ ማንም አይቀንስብኝም። ሰማሁትም አልሰማሁትም፣ እንደነበረው መልስልኝ።»

ልጇ ማልቀስ ጀመረች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያን ቀን ትንፋሽ ወሰደ ብላ የጠየቀችኝ ልትፈትነኝ አልነበረም። እሷ አልሰማችውም፤ መኖሩን ልታረጋግጥ ነበር።

ባንኩ አንገቱን ደፍቶ ከነመሣሪያው ጭጬ ጋ ሄደ። ጭጬ ጉዱን ሲሰማ ለእቴቴ ጽፎላት የነበረውን ወረቀት ብቻ አውጥቶ ሰጠው። ባለዲግሪው ሰውዬ ጥቁሩ ስክሪን ፊት ተቀምጦ በወረቀቱ እያየ ሊኑክሱን ሲመታ ውሎ፣ አንዲት ነጥብ ዘሎ እንደገና ጀመረ። እኔም መሃል መሃል እየገባሁ እንዴት ነው ሥራው እለዋለሁ፤ ጨካኝ በሉኝ ብያችኋለሁ። ከዚያ በየእረፍት ቀኑ እቴቴ ክፍል ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሲዲዎቿን አንድ በአንድ ማስገባት ሆነ ሥራው፣ ሁሉንም እንዳለ። እሷ ከላይ ወንበሯ ላይ ሆና ያለቀውን ታዳምጣለች።

አንድ ቀን ያ ዘፈን እየተሰማ፣ በመሃል ሲዲውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። እቴቴ፣ አሁን እዚህ ጋ ሰውየው ትንፋሽ ሳበ አላት፣ እንደ ልጅ ደንግጦ።

«ይስባል» አለች። «ወደ ፋብሪካው ሳልገባ ሬዲዮ ላይ እሰማው ነበር።»

ባንኩ ሲዲውን አስቀመጠ። ታዲያ አሁን ምን ላድርግ አላት።

«ሲመጣ እጅህን አንሳልኝ።»

ይኸው ዛሬም ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ያ ዘፈን ይለቀቃል። የመጨረሻው ስንኝ ሊጀምር ሲል ባንኩ ከተቀመጠበት እንደ ተማሪ እጁን ያነሳል። የማያውቅ እንግዳ ካለ ግራ ይገባዋል፤ ማንም አያስረዳውም። እቴቴ ያነሳውን እጅ አይታ፣ አንገቷን ነቅንቃ፣ ስንኙን ከዘፋኙ ጋር ትጀምራለች።