ባለቀዳዳው ግድግዳ

የዩኒቨርሲቲውን ትልቅ አዳራሽ ማን እንደነደፈው አላውቅም፤ ጋምቤላ ላይ አንድ የመጋቢት ቀን እንዳልዋለ ግን እምላለሁ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ የማይከፈት መስታወት፣ መቀመጫው በሦስት ጎን ደረጃ በደረጃ የተሠራ ሲሚንቶ! ንፋስ የሚገባው ከመድረኩ ኋላ ብቻ ነው፤ ያ ግድግዳ ባለቀዳዳ ብሎኬት ነው። ጠዋት ቅርጫት ኳስ ይጫወቱበታል፣ እሑድ መዘምራን ይይዙታል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ዘፈንና ጭፈራ አለ። መድረክ መሪው እኔ ነኝ።

አባቴ አቦቦ ውስጥ ገበሬ ነው። መድረክ መሪ ሆንኩ ብዬ የነገርኩት ቀን፣ "እሺ፣ ሥራህስ?" አለኝ። ከዚያ ወዲህ በተገናኘን ቁጥር ይችኑ ይጠይቀኛል። አንዴ መጥቶ ቢያየኝ ይገባዋል ብዬ ስንት ለመንኩት! ባለፈው መጋቢት እሺ ብሎ መጣ። ሲሚንቶው እንዳያቃጥለው ኮቴን አንጥፌ ፊት ለፊት አስቀመጥኩት።

በአማርኛ ሰላምታ ሰጠሁ፤ በተሰባበረ አኝዋክኛና ኑዌርኛ ደገምኩት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ግን በባርኔጣው ፊቱን ያራግባል እንጂ አልሳቀም። ሁለተኛ ዞር ብዬ ሳይ ኮቴ ብቻውን ተቀምጧል።

በቃ፣ ሄደ! ከዚያ በኋላ የሠራሁትን እኔም አላውቀውም። አንዱን ቀልድ ሁለቴ አወራሁ። መጨረሻ ላይ መውጣት የነበረባቸውን ከፑኝዶ የመጡትን ጨፋሪዎች ገና ልብስ ሳይቀይሩ ጠራኋቸው። ዓይኔ በሩ ላይ ነው። ፊቴ የተደረደሩት ስፒከሮች እስከ ወገቤ ስለሸፈኑኝ ተመስገን አልኩ።

ፕሮግራሙ እንዳለቀ ስልኩን ሞከርኩ፤ ዝግ ነው። መናኸሪያ ልደርስበት በጓሮ በር ሮጬ ወጣሁ። ከመድረኩ ግድግዳ ኋላ፣ ከዛፉ ሥር፣ ዘበኞችና ውሃ ሻጮች ተሰብስበዋል። አባቴም መካከላቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

"አባዬ! ሄድክ ብዬ ነፍሴ ልትወጣ ነበር እኮ!"

"ውስጡ ምድጃ ነው። ንፋሱ እዚህ ነው አሉኝ፣ መጣሁ።"

"ታዲያ ምኑን አየኸው?" ተናድጄ ነበር፤ ድምፄም ከፍ ብሏል።

ብሎኬቱ ላይ ወዳለው ቀዳዳ በጣቱ አሳየኝ። "ጀርባህን። ሸሚዝህ ውሃ ሆኗል። እግርህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይንቀጠቀጣል። አፍህ ግን ሰውን ያስቃል።" የጀመረውን ውሃ አቀበለኝ። "እኔ ጨዋታ መስሎኝ። ለካ ሥራ ነው።"

ኮቴን ላምጣ ብዬ ተመልሼ ገባሁ፤ ባዶው አዳራሽ ውስጥ፣ እሱ በተቀመጠበት ሲሚንቶ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።