ሥጋ ያልነበረበት የጀሪፍ ፋሲካ

አባቴ በሱዳን ዋና ከተማ፣ ሪያድ በሚባል ሰፈር፣ ለአንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ምግብ አብሳይ ነበር። ሰዎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ ከተዉለት ዕቃ መሃል አንዲት ከባድ የብረት ድስትና ቀጫጭን ረጃጅም ሹካዎች ነበሩበት። ፈረንጆቹ አይብ እያቀለጡባት፣ ዳቦ በሹካ እየወጉ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ከቦ ይበላባታል አለን። ፎንዱ ነው ስሙ።

"አይብ ቀልጦ ደግሞ ምን ሊሆን?" አለችና እናቴ ድስቷን ጓዳ አስገባቻት።

በዚያው ዓመት ለፋሲካ አባቴ አወጣት። በአይብ ፋንታ ቅቤና ዘይት አፈላባትና ከነከሰል ምድጃዋ መሃላችን አስቀመጣት። ሥጋውን በስሱ ቆርጦ በትሪ ደረደረው። እየወጋን፣ ቅቤው ውስጥ እየጠበስን፣ እያጠቀስን በላን። ከዚያ ወዲህ ጀሪፍ ሰፈር ባለችው ቤታችን ፋሲካ ማለት ይኸው ሆነ። ከቡሪ ሰፈር ሊጠይቁን የሚመጡ ዘመዶች መጀመሪያ ይስቁብናል፤ ሹካ ከያዙ በኋላ ግን የሚነሣ የለም።

ማጥቀሻው የእናቴ ነበር። ጠጅ በማይገኝበት ከተማ አዋዜዋን በተምር ውሃ ታሸዋለች። ሰናፍጩን ስትፈጭ ቤቱ በሙሉ ያለቅሳል። አይቡን ጾም ስለሆነ ሳትቀምስ፣ በማሽተት ብቻ ጨውን ትመጥንለታለች። አራተኛው ማጥቀሻ ከጎረቤት ነው የሚመጣው። ኻላ፣ አክስቴ፣ የምንላት ሱዳናዊት ጎረቤታችን ኦቾሎኒ በሎሚና በበርበሬ አላቁጣ ዳኩዋ ትሠራልናለች፤ በሁለታችን ግቢ መካከል ባለችው ትንሽ በር በጎድጓዳ ሳህን ታቀብለናለች። እናቴም ሰናፍጭ ሞልታ ትመልስላታለች። በዚያች በር የሚያልፈው ማጥቀሻ ብቻ ነበር። እኛ የእስላም ሥጋ አንበላም፣ እነሱም የክርስቲያን አይበሉም። ስለዚህ በዓል ሲሆን በፍቅር ተሳስመን፣ ለየብቻችን እንበላለን።

ጦርነቱ የተነሣው ቅዳሜ ነው፤ ለእኛ የፋሲካ ዋዜማ፣ ለእነሱ ረመዳን። ማጥቀሻው ሁሉ ተሠርቶ አልቋል። አባቴ ቡሪ ታርዶ ከሚከፋፈለው ቅርጫ ድርሻውን ሊያመጣ ጫማውን እያሰረ ነበር። ረክሻ የሚሉት ባጃጅ ጭስ ማውጫ የፈነዳ መሰለን። ቀጥሎ ግን አውሮፕላን በላያችን ዝቅ ብሎ አለፈ፤ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። አባቴ ጥቂት ቆይቶ የጫማውን ክር ፈታ።

መብራት ጠፋ፤ ውሃም ተከተለ። ቤተ ክርስቲያን መሄድ የማይታሰብ ሆነ። እሑድ ጎሕ ሲቀድ ኮሪደሩ ላይ እንደተኛን እናቴ፣ "ክርስቶስ ተነሥቷል፣ ልጆቼ" ብላ አይብ በዳቦ አጎረሰችን።

ከሰዓት በኋላ ትንሿ በር ተንኳኳች። ኻላ ነበረች።

"እህቴ፣ ጋዝ አልቆብኛል። ከሰል ይኖርሻል?"

"ከሰሉስ አለ" አለች እናቴ በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛዋ። "ግን ለምን ለብቻችሁ ትሆናላችሁ? እዚሁ ኑና እናፍጥር።"

ኻላ በበሩ አሻግራ ወደ ድስቷ አየች። ምን እንደምታስብ እናቴ ገባት።

"ሥጋ የለንም። ድስቷንም በአመድ ፈትጌ አጥባታለሁ። ዘይቱም አዲስ ነው።"

ኻላ ተመልሳ ባሏንና አሮጊት እናቷን ይዛ መጣች፤ ድንች፣ ባዴንጃን የሚሉትን ደበርጃንና እንቁላልም አመጡ። ኮሪደሩ ላይ ምንጣፍ ዘርግተን ድስቷን ከበብናት። ከተኩሱ የተነሣ አዛን አልሰማ ስላለ ባልየው ስልኩ ላይ ሰዓቱን እያየ ጠበቀ። ሰዓቱ ሲደርስ እሱ "ቢስሚላህ" አለ፤ አባቴ አማተበ። ለእንግዶቹ መጀመሪያ ተምር ሰጠናቸው።

ድንቹ ዘይቱ ውስጥ ቀላ ሲል እያወጣን ዳኩዋው ውስጥ እናጠቅሳለን። አሮጊቷ ግን ሰናፍጩን መረጡ። አፋቸው እንዳደረሱት ዓይናቸው በእንባ ተሞላ፤ አፍንጫቸውን ይዘው ቆዩና፣ "ይሄስ ከውጭው ተኩስ ይብሳል" አሉ።

እናቴ ሳቀች። ሁላችንም ሳቅን። ከቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያው ሳቃችን ነበር። ሥጋ ቢኖረን ኖሮ እነዚያ ሰዎች ከእኛ ማዕድ እንደማይቀመጡ ያኔ አሰብሁ፤ ለአባቴ ስነግረው የጠበሰውን ባዴንጃን አቀበለኝ።

ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ በገዳሪፍ አድርገን በመተማ ወጣን። እነሱ ወደ ሰሜን፣ ወደ አትባራ ሄዱ። ድስቷ ስለከበደችን እዚያው ቀረች። ለረጅም ጊዜ የስልክ ቁጥራቸው አልሠራ ብሎን ቆየ።

ባለፈው ሁዳዴ፣ ጎንደር በተከራየነው ቤት፣ የእናቴ ስልክ ጮኸ። የኻላን ድምፅ እንደሰማች ወደ ግቢ ወጣች። ባትሪው እስኪያልቅ አወሩ፤ አንዴ ስትስቅ፣ አንዴ ግቢውን ስትዞር በመስኮት አያታለሁ። ስትገባ ነጠላዋን አገላብጣ ለብሳለች።

"ደኅና ናቸው" አለችኝ። "እናትየው ግን አርፈዋል፣ መንገድ ላይ።"

ከዚያ ቁጭ ብላ ያወሩትን ለአባቴ መንገር ጀመረች፤ ከመጀመሪያው፣ ምንም ሳታስቀር።