ቤት የተሸከምንበት ቀን

ከስዊድን የመጣ ፕሮፌሰርና እኔ ዶርዜ ላይ አንድ ሙሉ ቤት በትከሻችን ተሸክመን ሄደናል። ጣራው ሳይፈርስ፣ በሩ ሳይነቀል። አታምኑኝም፣ አውቃለሁ። ሚስቴም እስካሁን አላመነችኝም።

ነገሩ በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። አርባ ምንጭ የመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ ሾፌር ነበርኩ። ስድስተኛ ክፍል ላይ አቁሜ የቀረውን ከሬዲዮና ከመኪና ማንዋል ጨርሻለሁ። ያን ቀን የጻፍኩባት ደብተር ናፍጣ ቢነካትም ትነበባለች።

ንጋት 12 ሰዓት፣ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር

ላንድክሩዘሯን አስነሳሁ። ከጎኔ ፕሮፌሰሩ፣ ጉልበቱ ዳሽቦርዱን ይገፋል። ከኋላ ዘነበች፣ የጨንቻ ልጅ፣ ሠልጣኝ። የክብ ሥዕል ያለበትን ቻርት ጠቅልላ ታቅፋለች። ማሠልጠኛችንና የሱ ኮሌጅ መምህርና ተማሪ ይለዋወጣሉ፤ ዘንድሮ ከኛ አንድ ሰው ለዓመት ይሄዳል። ዘነበች እንድትሄድ ፕሮፌሰሩ ስታስተምር በዓይኑ ማየት አለበት። ነገ ጠዋት ደግሞ አውሮፕላን አለው።

«ጋሼ፣ ዶርዜ ያሉት እንደምንመጣ ያውቃሉ አይደል?» አለች ዘነበች።

«የዶርዜን ነገር ለኔ ተይው» አልኳት። ትምህርት ቤቱንም ቀኑንም የመረጥኩት እኔ ነኝ።

2 ሰዓት፣ ዳገቱ ላይ

ቀይ አፈር፣ ጉም፣ ቀርቀሃ የተሸከሙ ሴቶች። ወደ ኋላ ስታዩ ሁለቱ ሐይቆች፦ ዓባያ ቡናማ፣ ጫሞ ሰማያዊ። ፕሮፌሰሩ ከከተማው ታችኛ ሰፈር፣ ከሲቀላ የገዛነውን ሙዝ ብቻውን ጨርሶ ልጣጩን ኪሱ ያስቀምጣል።

3 ሰዓት ተኩል፣ ዶርዜ

ትምህርት ቤቱ ባዶ ነው። ዘበኛው ብቻ ቡሉኮ ደርቦ ፀሐይ ይሞቃል።

«ልጆቹስ?» አልኩት።

«ቤት ሊሸከሙ ሄዱ። መምህሩም ሄደ።»

የዶርዜን ቤት ምስጥ እግሩን ሲበላው አያፈርሱትም፤ ከሥሩ ቆርጠው፣ መንደሩ ተሸክሞት፣ ሌላ ቦታ ይተክሉታል። ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። አስቀድሜ መጠየቅ ነው ያላወቅኩት።

ዘነበች ቻርቷን እያየች «ነገ የለኝም፣ ጋሼ» አለች።

«ልጆቹ እዚያ ከሆኑ ክፍሉም እዚያ ነው» አልኩና መኪናዋን አስነሳሁ።

ቤቱ የሚነሣበት ግቢ ስንደርስ የቤቱ ባለቤት፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ፕሮፌሰሩን ከታች እስከ ላይ አዩት።

«አንተ ረጅሙ፣ እዚህ ቆሞ ማየት የለም። ወይ ተሸከም ወይ እለፍ።»

ዘነበች ተረጎመችለት። መነጽሩን ኪሱ ከተተ፣ ከልጣጩ ጋር።

ቤቱን የምንሸከመው ከውስጥ ገብተን ነው፤ ጨለማ ነው፤ ጭስ ጭስ ይሸታል። ቀርቀሃው ትከሻ ላይ፣ ዘፈኑ ጆሮ ላይ። እሱ ረጅም ስለሆነ ክብደቱ ሁሉ እሱ ላይ አረፈ፤ እኔ ከኋላው ሆኜ በዋናነት ቤቱን መራሁት።

አስቀምጠን ስንመለስ ዘነበች ቤቱ በተነሣበት ቦታ መሐል ቆማለች። መሬቱ ላይ የቤቱ ክብ ቀርቷል። ቻርቱ መኪና ውስጥ ነው፤ እጇ ላይ ያለው የእንሰት ገመድ ነው። በጋሞኛ ታዛለች።

«ከዳር እስከ ዳር፣ በመሐል ለኩ። እዚያ ላይ ቁረጡት። አሁን በዚያው ገመድ ዙሪያውን።»

ልጆቹ ተንበርክከው ዞሩ።

«ስንት ሆነ?»

«ሦስት።»

«አለቀ?»

«ትንሽ ቀረ።»

አጠገቡ ያለችውን ትንሽ ክብ የዶሮ ቤት በሌላ ገመድ አስለካቻቸው። እሱም ሦስት ሆኖ ትንሽ ቀረ። ልጆቹ ተያዩ።

«ለዚህ ነው ትምህርት ቤት የላክናቸው?» አሉ ሽማግሌው። «እኔ ቀርቀሃ ስቆርጥ የማውቀውን?»

«እንግዲያው አባባ፣ ክቡ ውስጥ ይግቡና ያስተምሯቸው» አለች ዘነበች።

ገቡ። እንዴት እንደሚቆርጡ አሳዩ። ፕሮፌሰሩ ጭቃው ላይ ተቀምጦ ደብተሩን ሞላ።

ማታ 12 ሰዓት፣ ቁልቁለቱ

ፕሮፌሰሩ ትከሻውን እያሸ ወደ ኋላ ዞረ። «መስከረም ላይ እንጠብቅሻለን» አላት፤ ይህን እንግሊዝኛ እኔም ገባኝ። ዘነበች ሲቀላ ላይ ስትወርድ ቻርቱን ሰጠችኝ።

«ለርስዎ፣ ጋሼ። ያልተከፈተ ነው።»

ዛሬም አልከፈትኩትም። ሄደች፣ ተመለሰች፣ አሁን እሷም ሠልጣኞችን ይዛ ገመድ ጨብጣ ዶርዜ ትወጣለች። ሽማግሌው አርፈዋል።

አላምንም ያለ ይውጣ፤ ዘነበችን ይጠይቅ፣ ያኔ ልጆች የነበሩትን ጎልማሶች ይጠይቅ፣ ከፈለገም ስዊድን ሄዶ የፕሮፌሰሩን ቀኝ ትከሻ ይይ። ማን የበለጠ ተሸከመ ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ።