የታጠበ እጅ ጣጣ

ኮንታክት ሌንስ የሚጎዳው ዝርክርኩን ሰው ነው ይባላል። አይደለም። ዝርክርኩ ሰው ሌንሱን በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቦታ ይጥለውና ወደ መነጽሩ ይመለሳል። ባሕር ዳር ውስጥ በዓይን ምርመራ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት በጣም ያስደነገጠችኝ ደንበኛ ከሁሉም ንጹሕ የነበረችው ናት።

ሥራ የጀመርሁ ቀን የመነጽር ቤቱ ባለቤት አቶ ደረጀ ዲፕሎማዬን ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩና አንድ ጥንድ ሌንስ ሰጡኝ።

“አድርገው” አሉኝ።

“ዓይኔ እኮ ደህና ነው።”

“ዓይንህን ማን ጠየቀህ? ራስህ ያላደረግኸውን ለሰው ልታስተምር ነው?”

መስታወት ፊት ተቀምጬ ግማሽ ሰዓት ያህል ታገልሁ። አንዱ ሌንስ ጉንጬ ላይ፣ ሌላው ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ተገኘ። በመጨረሻ ሲገባልኝ ተገልብጦ ነበርና እንባዬ ወረደ። አቶ ደረጀ ሌንሱን ጣታቸው ጫፍ ላይ አስቀምጠው ከጎን አሳዩኝ። ጠርዙ እንደ ሲኒ ቀጥ ካለ ልክ ነው፤ እንደ ሳህን ወደ ውጭ ከተዘረጋ ተገልብጧል። “ሁልጊዜ ከቀኝ ጀምር፤ ግራና ቀኙ አይምታታብህም” አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ለደንበኛ የምለውን ሸመደድሁ። እጅህን በሳሙና ታጠብ። ሌንሱን መዳፍህ ላይ አድርገህ በራሱ ፈሳሽ እሸው፤ ፈሳሹን ማፍሰስ ብቻ አይበቃም። የትናንቱን ፈሳሽ ድፋው እንጂ ላዩ ላይ አትጨምርበት። ማስቀመጫውን ከፍተህ፣ ደፍተህ አድርቀው፤ በየሦስት ወሩም ቀይረው። አድርገኸው አትተኛ፤ አድርገኸው ጣና ውስጥ አትዋኝ። ዓይንህ ከቀላ ወይም ካመመህ አውጣውና ቶሎ ና። ንግግሩን ከማሳመሬ የተነሣ እኔው ራሴ ሰምቼው አልጠግብም ነበር።

ሐያት የመጣችው በዚህ ዘመን ነው። አባቷ ጋሽ ኑሩ ሐይቁ ዳር ጀልባ ይሠራሉ። እሷ ዓባይ ማዶ ቤት ተከራይታ፣ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሙከራ ጊዜ ላይ ነበረች። ሥራዋ መብራት ላይ የሚያልፈውን ጨርቅ እያየች የተዘለለ ክር መልቀም ነው። ወፍራሙ መነጽሯ ዳር ዳሩን እያጣመመ አስቸገራት። ሌንስ ሰጠኋት፤ ንግግሬንም አሰማኋት።

ሁለት ወር ሳይሞላ ከአባቷ ጋር ተመለሰች። ቀኝ ዓይኗ ቀልቷል፤ ብርሃን አላስችል ስላላት በሂጃቧ ጫፍ ከልላዋለች። በመሣሪያው ሳይ፣ ከብሌኑ ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ዳር ላይ ነጭ ነጥብ አለ። ቁስል ነው። ወደ መሃል ከዘለቀ ዓይኗም እንጀራዋም አብረው ይሄዳሉ።

“አድርገሽው ተኝተሻል?”

“አልተኛሁም።”

“ዋኝተሽበታል?”

“የጀልባ ሠሪ ልጅ ስለሆንሁ ዓሣ መሰልሁዎት?”

“ፈሳሹ አልቆብሽ በውሃ አጥበሽዋል?”

“ኧረ በጭራሽ።”

ደንበኛ ይዋሻል የሚለው እምነት በሙያችን የተለመደ ነው። ስለዚህ ብዕሬን አስቀምጬ፣ “እውነቱን ብትነግሪኝ ይሻላል፤ የምትጎጂው አንቺ ነሽ” አልኋት።

እስከዚያ ድረስ “ዶክተር፣ እርስዎ” ሲሉኝ የነበሩት ጋሽ ኑሩ በአንድ ጊዜ “አንተ” አሉኝ። “አንተ፣ ልጄን ውሸታም እያልሃት ነው? እኔ ጀልባ ውሃ ሲያስገባ ባለቤቱን ቁጭ አድርጌ አልመረምርም። ጀልባውን ነው የማየው።” ወደ ልጃቸው ዞሩ። “ተነሽ፤ ፋብሪካ የምታደርጊውን አድርገሽ አሳዪው።”

ሐያት ወደ እጅ መታጠቢያው ሄደች። ከሰላት በፊት ሌንሶቿን አውጥታ አዲስ ፈሳሽ ውስጥ እንደምታስቀምጥ ነገረችኝ።

“ለምን ታወጫቸዋለሽ?”

“ውሃው ዓይኔ ካልደረሰ ውዱእ አይሆንልኝም ብዬ ነዋ። የጥፍር ቀለም እንኳ ውሃው እንዳይደርስ ይከለክላል።”

እጇን፣ ፊቷን፣ ክንዷን ታጠበች። ከዚያ ውሃ በሚንጠባጠብ ጣቷ ሌንስ የምታነሣ መስላ አሳየችኝ።

“እጅሽን አታደርቂም?”

“በፋብሪካው ፎጣ? ስንት ሰው የጠረገበትን? የታጠበ እጄን ለምን አቆሽሻለሁ? ደግሞ እርስዎ ታጠቢ አሉኝ እንጂ አድርቂ አላሉኝም።”

አላልሁም። የቧንቧ ውሃ ሲጠጡት ደህና ሊሆን ይችላል። ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ተሐዋስያን ግን በሌንስና በዓይን መካከል ገብተው ሲቀመጡ ሌላ ጉዳይ ነው። እሷ ደግሞ በየቀኑ ከአንዴም ሁለቴ ስታስገባቸው ከርማለች።

ሌንሶቹንና ማስቀመጫውን ሳታጥብ ይዛ በዚያው ቀን ሆስፒታል እንድትሄድ ጻፍሁላት፤ ላቦራቶሪው ተሐዋሲውን ከእነሱ ላይ ይፈልጋል። በየሰዓቱ የሚጨመር ጠብታ ታዘዘላት። አለቃዋ ለጊዜው ወደ ጨርቅ ማጠፊያው አዛወሯት፤ ዓይኗ ካልዳነ ቅጥሩ እንደማይጸናም ሳይደብቁ ነገሯት።

በሦስተኛው ሳምንት ነጥቡ ጠባሳ ሆኖ ዳር ላይ ቀረ። እይታዋን አልነካም። አለቃዋ መብራቱ ላይ መልሰው ፈተኗት፤ አለፈች።

ጋሽ ኑሩ ይህን ሊነግሩኝ መጡ። “ሼሁንም ጠየቅኋቸው” አሉኝ። “የዓይን ውስጥ አይታጠብም፤ ጨፍና ትታጠብ አሉ። ለካ ማውጣትም አያስፈልጋትም ነበር።”

“እኔ ነበርሁ አስቀድሜ ልጠይቃት የሚገባኝ።”

“አንተማ ንግግር ላይ ነበርህ፤ መቼ ጊዜ አገኘህ?”

ከዚያ ወዲህ ንግግሬን አሳጠርሁ። እጅን ንጹሕ በሆነና ክር በማይተው ነገር ማድረቅን ጨመርሁበት። ደንበኛ ይዋሻል ማለቱንም ተውሁ፤ ያልተጠየቀውን ግን አይመልስም።

አንተም ሌንስ የምታደርግ ከሆንህ፣ በዚህ ሳምንት ሌንስህን ይዘህ ወደ ሰጠህ ባለሙያ ሂድ። እንዴት እንደምትይዘው አትንገረው። እጅህን ከመታጠብ ጀምረህ ፊቱ አድርገህ አሳየው።