በዶርካስ ድንጋይ ሥር ያለችው

ማርሊንን ያስነሣት አልዋጥላት ያለ አንድ ቁጥር ነው። በዊስኮንሲን የእርሳስ ማዕድን ኮረብቶች ላይ፣ ከእንግሊዝ ከመጣው ከራልፍ ኮትስ ጎን የቆመው የመቃብር ድንጋይ «ዶርካስ፣ ሚስቱ፣ በ1828 ተወለደች» ይላል። የመጨረሻ ልጇ የተወለደው ግን በ1882 ነው። በሃምሳ አራት ዓመቷ ወለደች ማለት ነው። የማርሊን ቤተሰብ ሲጠየቅ የኮትስ ሴቶች ብርቱ ናቸው ብሎ ይስቃል።

እንዲህ ያለውን ቋጠሮ መፍታት ደስ የሚል ሥራ ነው፤ አንዱን መዝገብ በሌላው መመዘን ብቻ ነው። ማርሊን ከመርከቡ ዝርዝር ጀመረች። በ1856 ራልፍ «ከሚስቱ ከዶርካስ» ጋር ተሳፍሯል፤ የሚስቱ ዕድሜ ግን አሥራ ዘጠኝ ተብሎ ተጽፏል። ቀጥላ በ1861 እንግሊዝ ውስጥ የተደረገውን የሕዝብ ቆጠራ ገለጠች። ዮርክሻየር ውስጥ፣ እናትን ከልጆቿ ለይተው በሚያሳድሩበት የድሆች መጠለያ፣ ዶርካስ ኮትስ አለች፤ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ፣ ባለትዳር፣ ሁለት ልጆች። ታዲያ አሜሪካ የገባችው ማን ናት? መልሱ ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ በተደረገው ቆጠራ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በባልና ሚስቱ ቤት የዶርካስ ታናሽ እህት ፊቢ ትኖር ነበር፤ ዕድሜዋ አሥራ አራት። ከዚያ ወዲህ ፊቢ በየትኛውም መዝገብ የለችም። ራልፍ ሚስቱን ጥሎ እህቷን ወስዷል፤ ልጅቷም በእህቷ ስም ኖራ በእህቷ ስም ተቀበረች። የመጠለያው የሞት መዝገብ ደግሞ የዶርካስ ወንድ ልጅ በዚያው በ1861 ክረምት እንደሞተ ይናገራል።

ማርሊን የፊቢ ስም በድንጋዩ ላይ እንዲቀረጽ ፈለገች። የመቃብሩ ማኅበር ደንብ ግን ፊደል ለመጨመር በሕይወት ካሉት የራልፍ ተወላጆች የሁሉም ታላቅ ይፈርም ይላል። ታላቋ የማርሊን እናት ናት፤ ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ስሟም ዶርካስ።

እናትየዋ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አንብባ ገፋቻቸው።

«ሰማንያ ስምንት ዓመት የተጠራሁበት ስም ነው። አንቺ ማን ሆነሽ ነው የምትነጥቂኝ?»

«እማ፣ ልጅቷ የራሷ ስም ነበራት።»

«መቶ ዓመት ሙሉ አላጉረመረመችም። አንቺ ባል አጥተሽ የሰው ባል ታሳድጃለሽ፤ ያውም የሞተ።»

በሐምሌው የቤተሰብ ጉባኤ በመቃብሩ ሣር ላይ ምሳ ይበላና የዶርካስ ታሪክ ይነበባል። ሃያ ዓመት ያነበበችው ማርሊን ነበረች። ዘንድሮ እናቷ ወረቀቱን ለአጎቷ ልጅ ለዌንዴል ሰጠችው። እሱም «ሙታን ቆጣሪዋ ወደ ኋላ ትቀመጥልን» አለና፣ ባሏን ተከትላ ሁሉን ስለተወችው ታማኝ ሚስት አነበበ። ጭብጨባው ረጅም ነበር። እናቷም እያየቻት አጨበጨበች።

ማርሊን ቤት ገብታ ደንቡን እንደገና አነበበችው። የራልፍ ተወላጅ ይላል እንጂ ከየትኛዋ ሚስት ብሎ አይጠይቅም። መጠለያው ውስጥ የተረፈችውን ሴት ልጅ ዘር በጥምቀትና በጋብቻ መዝገብ እየተከተለች ወረደች፤ ዮርክሻየር የምትኖር ኢኒድ የምትባል ሴት አገኘች። ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው። ከማርሊን እናት በሦስት ዓመት ትበልጣለች።

ሁለት ደብዳቤ ላከች፤ መልስ የለም። አሁን ጠዋት ጠዋት የእናቷን መድኃኒት ቆጥራ ከሰጠች በኋላ፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ሦስተኛውን ትጽፋለች። የቸገራት የመጀመሪያው መስመር ነው፤ አያቶችዎን ጥሎ የሄደው ሰው የተቀበረው እኛ ዘንድ ነው ብሎ ፊርማ እንዴት ይለመናል?