አህመድ የተቀበለው ግጥም

በደርግ ጊዜ ሐይቅ ከተማ የሆነ ነው። ብዙ ዘመን አልፎታል፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ጊታር መቺ ነበርኩ። አምባሰልን በኤሌክትሪክ ጊታር እናስጮኸው ነበር። ከአዲስ አበባዎቹ ባንዶች በምን እንዳነስን አሁንም አይገባኝም፤ ከውጫሌ ወዲያ ግን የሚያውቀን አልነበረም። አንድ የገበያ ቀን ከደሴ ሰዎች መጡ፤ ከወደዱን ወስደው ካሴት ሊያስቀርጹን። ዘፋኛችን አህመድ ከደስታው ብዛት ምግብ አልወርድለት ብሎ ዋለ።

በእኛ አገር ከተመልካቹ አንዱ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ከሰጠ ዘፋኙ ያንኑ ይዘፍናል። አልቀበልም ማለት ነውር ነው። ጨዋታው ሞቅ እንዳለ እማማ ዘሀራ ከሴቶቹ መሃል ተነሱ። ልጃቸው ተወስዶ ተገድሏል፤ ሬሳውን አላገኙም፣ ማልቀስም ተከልክለው ነበር።

«ተቀበል አህመድ፤
ስሙን እየጠራሁ ባምባሰል ተራራ፣
ልጄን የት ቀበሩት? ንገሩኝ አደራ።»

አዳራሹ ውስጥ ከደሴ የመጡት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ካድሬዎቹም አሉ። እንዳልሰማ ሆኖ እንዲያልፈው በዓይኔ ለመንኩት። አህመድ ግን ወደኔ ዞር አላለም። እማማን እያየ፣ አንዲት ቃል ሳይቀንስ ተቀበላቸው። እኔም ወላሂ እንደዚያ ቀን መትቼ አላውቅም። ሴቶቹ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። እንግዶቹ ዘፈኑ ሳያልቅ ተነስተው ወጡ።

በማግስቱ አህመድን ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። መሣሪያዎቻችን ቀበሌ መጋዘን ተቆለፈባቸው። ቡድኑም ተበተነ።

ጥቂት ቆይቶ የአህመድ እናት ቤቴ መጡ። ገብተው በሩን ራሳቸው ዘጉት። ይቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ።

«ልጄ፣ አህመድ የለም። እንግዲህ አንተ ተቀበለኝ» አሉኝ።

እኔ መምታት እንጂ ዘፍኜ አላውቅም። ደግሞ ፈርቻለሁ፤ ምን ይደበቃል? ግን እናት ደጄ ድረስ መጥተው ቆመው እያዩኝ ምን ልበል? እሳቸው ለአህመድ የገጠሙትን እየነገሩኝ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ በሹክሹክታ ተቀበልኳቸው። ደጋግመው አስባሉኝ። ከዚያ «አላህ ይስጥህ» ብለውኝ ሄዱ።

እሳቸውም ካረፉ ቆዩ። ደርግም ሄደ፤ ዛሬ የሚከለክለኝ የለም። ሰርግ ቤት አምባሰል ሲመታ ያ ግጥማቸው አፌ ላይ ይመጣል። ጮክ ብዬ ልለው እሞክራለሁ፤ ድምፄ ግን እስካሁን ከሹክሹክታ አልወጣም።